አይቶ ዝም ያለም

ጥር 24

ይኼን ደብተር ትታልኝ የሄደችው ልጄ ሀይማኖት ናት። ለትምህርቷ ወደ ደሴ ስትመለስ «እማዬ፣ ግማሹ ባዶ ነው። አንቺ እንደሆነ ወሬ ካላወራሽ አታድሪም፤ ሰው ሲጠፋ ለሱ አውሪለት» ብላ ሳቀችብኝ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት ምን ትጽፋለች ብዬ ጣሪያው ሥር ሸጉጬው ነበር። ይኸው ዛሬ የሚወራ መጣ።

አሁን ከስብሰባ መምጣቴ ነው። ፕሮጀክቱ አልቋል አሉን። እንዳልካቸው፣ ያ ከመካነ ሰላም የሚመላለሰው የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ፣ ከእንግዲህ ለጋራው ዘበኛ ደመወዝ የሚከፍል የለም አለ።

ቀዩን ጋራ ከከለልነው አራት ዓመት ሆነን። ያኔ እንደ ተገፈፈ ቆዳ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ድንጋዩን ማሳችን ላይ ይዘረግፍብናል። ቦረቦሩ አንድ ዓመት በሬያችንን ሊውጥ ምን ቀረው። ሰው እርከን ሠራ፣ ከብት ተከለከለ፣ ዛሬ ሳሩ ወገብ ይደርሳል። ከልጅነቴ ወዲህ ያላየሁት ጦስኝ እንኳ ተመልሶ በቀለ፣ ሌላ ቦታ የለም እዚያ ብቻ ነው ያለው። ከሁሉ በላይ ደርቆ የነበረው ምንጭ ፈለቀ። እኛ የታች ሰዎች በሱ ነጭ ሽንኩርት እናለማለን። ለዚህ ነው ስለ ጋራው ስንናገር ድምፃችን የሚወፍረው።

እንዳልካቸው ደግሞ ጋራው አየር ያጠራል፣ ለዚያ የሚከፍሉ የውጭ አገር ሰዎች አሉ፣ ዛፉ ተለክቶ ሄዷል፣ ገንዘቡ ይመጣል አለ። ፊርደውስ ብድግ አለች። ቤቷ ጋራው ጥግ ነው፣ በሯን ስትከፍት ግጦሽ ነበር፤ አሁን በኅዳር እንደ ሁላችን አንድ ድርሻ ሳር በእጣ ይደርሳታል እንጂ ምንጩ ወደሷ አይወጣም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት አንድ ላም ናት።

«ገንዘቡ እስኪመጣ ላሜ አየሩን ትጋጥ?» አለች።

ሰው በሳቅ ወደቀ። እኔም ሳቅሁ።

ስለ ዘበኛው ሲከራከሩ እኔ ነኝ «ዘበኛ ደመወዝ ይፈልጋል። ግዝት ምን ይፈልጋል?» ያልኩት። ሁሉም ወደደው።

ጥር 30

ዛሬ ተገዘተ። መምሬ አምላኩ መስቀላቸውን፣ ሸህ ያሲን መቁጠሪያቸውን ይዘው ጎን ለጎን ቆሙ። እንዲህ ሲቆሙ ደስ ይላል፣ አገራችን አገር ትመስላለች። መምሬ «የነካ፣ ያስነካ፣ ከብቱ አይርባለት፣ ደጁ አይሙቅለት» ሲሉ እኛ አሜን። ሸሆቹ፣ ሸህ ያሲንን በክብር እንዲህ ነው የምንላቸው፣ ዱዓ ሲያደርጉ ሁላችንም አሚን። የቅሬው፣ የቀብር ማኅበራችን፣ ዳኛ አቶ ያለው ደግሞ ቅጣቱን ተናገረ፦ የነካው የታች ሰው ከሆነ የምንጩ ውሃ ተራው ይቀራል፤ የላይ ሰው ከሆነ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣን ሰው ማን ይቀብረዋል?

ያኔ አፌ አላርፍ አለ።

«አይቶ ዝም ያለስ፣ መምሬ? እሱን ካልጨመሩበት እኮ ወንፊት ነው።»

መምሬ ሸሆቹን አዩአቸው፣ ሸሆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይቶ ዝም ያለም» ተብሎ ተጨመረ። አሜን፣ አሚን። ያለው «አበቡ እኮ ከኛ ከወንዶቹ ትሻላለች» አለ። በላይ፣ ባሌ፣ ከወንዶቹ መሀል ሆኖ ፈገግ ሲልልኝ አየሁት። ጮቤ ረገጥኩ ብል ያንሳል።

ፊርደውስ በክርኗ ጎሸም አድርጋ «አንቺ ሴትዮ፣ ዐይናችንንም አስከለልሽው» አለችኝ። ተሳሳቅን።

የካቲት 11

በልግ የለም። ሰማዩ ተጠርጎ ያድራል። መንገዱ ስለተዘጋ በከላላ በኩል የሚመጣው ድርቆሽ ቀረ። ገበያ የወጣ ሰው ዋጋ ጠይቆ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ይመለሳል።

የኛን የኅዳር ድርሻ በላይ ለከተማ ወተት ነጋዴ ሸጦ የነጭ ሽንኩርት ዘር ገዛበት። ጎሽ ያልኩት እኔ ነኝ። በልግ ይቀራል ብሎ ማን አሰበ። የበሬዎቹ ዳሌ ልብስ የሚሰቀልበት ሆኗል። ላማችን ቦራ ከብዳለች፣ ለፋሲካ ትወልዳለች ብለን ነበር።

«አንዱን በሬ ብንሸጠውስ?» ስለው በላይ «በሬ ሸጬ ለበሬ ድርቆሽ ልግዛ? በአንድ በሬስ ምን አርሳለሁ?» አለኝ። ልክ ነው።

የካቲት 19

ማለዳ በረት ስገባ ግርግሙ ሞልቷል። ደረቅ ሳር ነው፣ ግን መልካም ሳር።

«ከየት?» አልኩት።

«ከከላላ የመጣ ሰው አግኝቼ» አለ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

እንግዲህ መንገዱ ተከፍቶ ይሆናል። ቦራ ስትበላ ቆሜ አየኋት። ሳሩ ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል። ጦስኝ ከላላም ይበቅል ይሆናል። ሄጄ አላውቅም።

የካቲት 25

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ። ፊርደውስ መጥታ ዋለች። ሁለታችንም ጦመኛ ነን፣ የምንገባበዘው ወሬ ብቻ ነው። ብዙ ሳቅን። ስለ ሟች ባሏ ኩርፊያ ስታወራ እንባዬ እስኪመጣ።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሳይነጋ ሱሁር ልበላ ስነሳ ከጋራው ላይ ድምፅ እሰማለሁ። ሽር... ሽር... ይላል። ወላሂ ፀጉሬ ይቆማል» አለች።

«ጅብ ይሆናላ።»

«ጅብ ማጭድ ይዞ?»

እሷ ሳቀች። እኔም ለመሳቅ አፌን ከፈትኩ፣ የወጣውን ግን አላውቅም።

ስትሄድ በበረቱ በኩል አለፈች። «ቦራ አማረባት» አለች። «ከብዳ ነው እኮ» አልኳት። «አላህ ያግራላት» ብላ ትንሽ ቆመች። ዐይኗ ግርግሙ ላይ ቆየ። ወይም ለኔ መሰለኝ።

መጋቢት 3

ሳይነጋ በሩ ሲጥ ሲል ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ባሏ የት ወጣ የት ገባ ብላ የምትቆጥር ሴት አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም። ጠዋት ማጭዱ ጤዛ ይኑረው አይኑረው እንጃ። አላየሁም።

መጋቢት 11

ወፍጮ ቤት ተሰልፌ የሰማሁት። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነው የሚያወሩት።

«ጋራው በመሀሉ ተላጭቷል አሉ። ከውጭ አይታይም፣ ጮሌ ነው ያጨደው።»

«ጥጉ ላይ የምትኖረው ማናት?»

«ላሟስ ምን በልታ ቆመች?»

ምን በልታ እንደቆመች አውቃለሁ። ፊርደውስ በየአጥሩ ሥር እየዞረች ቁልቋሉን በእሳት ለብልባ እሾሁን እያቃጠለች ነው የምታበላት። እጇ ሁሉ ቆስሏል። ልናገር ብዬ አፌ እዚህ ደርሶ ነበር። «ተራሽ ነው አበቡ» አሉኝና እህሌን ልሰፍር ገባሁ። ስወጣ ወሬው ሌላ ሆኖ ነበር። ጣልቃ ገብቶ ወሬ መመለስ ደግሞ ደስ አይልም።

መጋቢት 14

እንቅልፍ የለም። ሽር ሽር።

መጋቢት 20

ቦራ ጨነገፈች።

ወንድ ጥጃ ነበር፣ ቀይ፣ ግንባሩ ላይ እንደ እናቱ ነጭ ያለበት። በላይ ከሽንኩርቱ ማሳ በታች ቀበረው። «ብርድ ነው» አለ። እኔም «ብርድ ነው» አልኩ። ምሳ አልበላም። እኔም አልበላሁም። ጦም ስለሆነ አያስታውቅም።

መምሬ «ከብቱ አይርባለት» ሲሉ ጮክ ብዬ አሜን ያልኩት እኔ ነበርኩ። ከፊት ነበር የቆምኩት። ግን ላም በየዓመቱ ትጨነግፍ የለም እንዴ? የአማቼ ላም ሁለቴ ጨንግፋ ነበር፣ ያኔ ግዝትም ክልልም አልነበረም። ይኼን ለራሴ ስንቴ ነገርኩት። ዘበኛ ደመወዝ ይፈልጋል ብዬ ነበር አይደል። ግዝትም ሲሠራ ይከፈለዋል ለካ።

ቦራ ቀኑን ሙሉ ወደ ማሳው እያየች ትጮሃለች። ሳሩን አልነካችውም።

መጋቢት 22

ትናንት ዒድ ነበር። ካገባሁ ጀምሮ ለዒድ ፊርደውስ ቤት ሳልሄድ ቀርቼ አላውቅም። ትናንት ወገቤን አመመኝ። እውነት ነው አሞኛል። ማንም አልሄደላትም አሉ፣ ከራሷ ሰዎችም ጭምር።

ማታ ላይ ተምር ላከችልኝ። ጦም ላይ መሆኔን አስባ ጦም የማያስፈታውን መርጣ። አፌ ውስጥ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

መጋቢት 28

ዛሬ ቅሬው ተቀመጠ። እንዳለ እጽፈዋለሁ።

ያለው ፊርደውስን መሀል አቆማት። ክፉ ሰው አይደለም ያለው፣ ጋራውን ሲሠራ ትከሻው የተላጠ ሰው ነው። «እህታችን፣ ሰው እያማሽ ነው። ሸሆቹ ፊት ማይና ሐሜቱ ይብቃ» አላት። መሐላው ሦስት ነው፦ አልነካሁም፣ አላስነካሁም፣ አይቼም ዝም አላልኩም።

ፊርደውስ ነጠላዋን አስተካከለች። «ወላሂ አልነካሁም» አለች። «ወላሂ አላስነካሁም» አለች።

ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

ሸህ ያሲን «በይ ልጄ፣ ጨርሺው» አሏት።

«ይኼን አልልም፣ ሸሆች።»

ሰው ተንጫጫ። «ታዲያ ማንን አየሽ?» «ራሷ ናት!» «ንጹሕ ሰው መሐላ ይፈራል?» አንዱ «ላምሽ አየር ግጣ ነው የወፈረችው?» ብሎ የራሷን ቀልድ መለሰባት። ሰው ሳቀ። ያቺ ላም አልወፈረችም። አጥንቷ ይቆጠራል።

ፊርደውስ ማንንም አላየችም። እኔን ግን አንድ ጊዜ አየችኝ። ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

በላይ ከወንዶቹ መሀል ተቀምጦ በእንጨት መሬቱን ይጭር ነበር።

እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ካልተናገረች ከቅሬ ትወጣለች ተባለ። ብትሞት የሚቀብራት፣ እሳት ቢጠፋባት የሚያቀብላት አይኖርም። ሦስተኛውን መሐላ ማን እንዳስጨመረው ያስታወሰ ሰው አልነበረም። እኔ አስታውሳለሁ።

ሚያዝያ 2

ወደ አጥሯ ሄድኩ። ቁልቋል እየለበለበች ነበር። ቀና አላለችም።

«ኸይር ነው?» አለችኝ።

«ለምን ምለሽ አትጨርሺም፣ ፊርደውስ? አንዲት ቃል እኮ ናት።»

«በውሸት ልማል? ልጆች አሉኝ።»

«ምን አየሽ?»

ያኔ ቀና አለች። ጭሱ ዐይኗን አቅልቶታል።

«አንቺ ያላየሽውን» አለችኝ።

ላሟ በመሀላችን ታመሰኳለች።

«ብናገር ውሃችሁ ይቀራል፣ ሽንኩርታችሁ ይደርቃል» አለች ቀስ ብላ። «ሀይማኖት በምን ትማራለች? እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ የላይ ሰው ነኝ፣ ለምጄዋለሁ። ሂጂ አበቡ። ከኔ ጋር ቆመሽ እንዳያዩሽ።»

ሄድኩ። ልቆይ ሲገባኝ ሄድኩ።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ስሰግድ ዋልኩ። መምሬ አምላኩ በወይራው ጀርባዬን ቸብ ቸብ እያደረጉ «ሌላ የሚከብድሽ አለ ልጄ?» አሉኝ።

«የለም አባ።»

አንድ ጊዜ ደግመው ቸብ አደረጉኝ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

ስንመለስ በላይ ከኋላዬ ሆኖ «ሽንኩርቱ አንድ ወር ብቻ ነው የቀረው» አለ። ማንም ሳይጠይቀው። «አንድ ወር ውሃ ካገኘ ድርቆሹንም በሬውንም የሀይማኖትንም ነገር ይችላል። ከዚያ በኋላ...» ብሎ ተወው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ስለ ምን እንደሚያወራም አልጠየቅኩትም።

ሚያዝያ 14

ፋሲካ አለፈ። ወተት የለም። ቦራ ነጥፋለች።

ዛሬ በጠራራ ፀሐይ በላይ አጠገቤ ተቀምጦ ጫማውን እየሰፋ ሽር ሽር ሰማሁ። ቀና ብዬ እጁን አየሁ። መርፌና ክር ብቻ ነው የያዘው። ማጭዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ድምፁ ግን አላቆመም።

«ትሰማለህ?» አልኩት።

«ምኑን?» አለ፣ ፊቱ ግን አመድ መሰለ።

ሚያዝያ 19፣ ዳግማይ ትንሣኤ

እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት በላይ ቀድሞኝ ወደ ቅሬው ሄደ። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁና በበረቱ በኩል ሳልፍ እግሬ ቆመ። ገባሁ። እስከዛሬም እገባ ነበር፣ ውሃ እሰጣለሁ፣ እጠርጋለሁ፤ ዛሬ ግን ገብቼ አየሁ። ከቆጡ ሥር፣ በአሮጌ ጆንያ ተሸፍኖ፣ ታስሮ የተደረደረ ሳር። የበላይ አስተሳሰር ነው። ጫፉን ሁለቴ ጠምዝዞ ወደ ውስጥ ይሸጉጠዋል፣ አባቱም እንደዚያ ነበር የሚያስሩት። በሺህ ሸክም መሀል አውቀዋለሁ። ጦስኙ እንዳበበ ደርቆበታል።

አንዱን እስር ተሸከምኩ። በመንገዱ መሀል ነው የሄድኩት፣ በአጥር ጥግ አይደለም። የሚያገኙኝ ሰዎች «እንዴት ዋልሽ» ብለው ጀምረው ሸክሙን ሲያዩ ይተዉታል።

ፊርደውስ መሀል ቆማለች። ያለው መናገር ጀምሮ ነበር። ሸክሙን እግሩ ሥር አወረድኩት። ሽታው ሰውን አልፎ ሲሄድ ታየኝ፤ አንዱ አሽቶ ወደ ሸክሙ ይዞራል፣ ቀጥሎ የተቀመጠው ያሸታል።

«ምንድነው አበቡ?» አለ ያለው።

ብዙ ነገር አስቤ ነበር የመጣሁት። ስለ በልጉ፣ ስለ በሬዎቹ፣ ስለ ሽንኩርቱ ዘር። ወሬኛዋ እኔ አንድ ቃል ብቻ ወጣኝ።

«አየሁ።»

በላይ ተነሳ። የሚቆጣ መስሎኝ ዐይኔን ልጨፍን ነበር፣ አልጨፈንኩም። ከአጥሩ ድንጋይ አነሳና ማጅራቱ ላይ ጭኖ መጣ። መምሬና ሸሆቹ ፊት ጎንበስ አለ። «እኔ ነኝ» አለ። «የምትጨነቀው እሷ፣ ያጨድኩት እኔ። ይቅር በሉኝ።» ከዚያ ድንጋዩን እንደያዘ ወደ ፊርደውስ ዞረ። ይኼን አልጠበቅኩም። አንድ ወንድ ለሷ ጎንበስ ሲል በሕይወቷ አይታ የምታውቅ አይመስለኝም።

ፊርደውስ ድንጋዩን ከማጅራቱ አወረደችለት። «ከባድ ነው፣ አስቀምጠው» ብቻ አለችው።

እኔን አላየችኝም።

ሚያዝያ 28

ግዝቱ ተፈታልን። ሸህ ያሲን ሦስተኛውን ቃል፣ «አይቶ ዝም ያለም» የሚለውን፣ ከግዝቱ አወጡት። «ሰው የጎረቤቱን ደጅ ፈርቶ ሊያልፍ ነው» አሉ። መምሬም ተስማሙ።

የውሃ ተራችን ቀረ። ቅጣት ቅጣት ነው፣ ማንም አላዳላንም። ሽንኩርቱ ከጫፉ ቢጫ ሆኗል። በላይ አንዱን በሬ ሸጠ። የቀረውን ለእርሻ ከዳኛው በሬ ጋር ሊያቀናጅ ተነጋገሩ፤ ይኼን ከመጀመሪያውም ማድረግ ይቻል ነበር፣ ማንም አልጠየቀም።

ያለው ቅሬውን ሰብስቦ ሌላም አስወሰነ። በምንጩ የሚያለማ ሁሉ ከሽንኩርቱ አውጥቶ ለዘበኛ ይሰጣል። ጋራው ጥግ ያሉ ቤቶች ደግሞ በኅዳር ከእጣው በፊት ቀድመው ያጭዳሉ፣ ግጦሻቸውን የከለልንባቸው እነሱ ናቸውና። እንዳልካቸው ደስ ብሎት «ይኼ ጥሩ ተሞክሮ ነው፣ ሪፖርት ላይ ይገባል» አለ።

ፊርደውስ ከኋላ ሆና «ይኼንኑ በጥር ጠይቄ ነበር። ያኔ ሳቃችሁ» አለች።

ማንም አልሳቀም።

ስንበተን ተጠጋኋት። «ፊርደውስ» አልኳት። «ደህና ዋይ አበቡ» አለችኝ፣ ለመንገደኛ እንደሚባለው።

ግንቦት 9

ዝናብ ትናንት ጠብ አለ። አፈሩ ሽታው ተነሳ።

ዛሬ ሊነጋ ሲል ነቃሁ። ሽር... ሽር...። በላይ አጠገቤ ነው፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። ነካ አደረግሁት።

«ትሰማለህ?»

ዐይኑ ተከፍቶ ነበር። ለካ እሱም አይተኛም። «አልሰማም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልክ እኔ እንዳደርገው።

በመጋረጃው ሥር ብርሃኑ ገና አመድማ ነው። መልሼ ልተኛ እችል ነበር። ዘበኛ ተቀጥሯል፣ ግዝቱ ተፈትቶልናል፣ የኔ ነገር አይደለም። ተነስቼ በሩን ከፈትኩት።

ጋራው ጭጋግ ለብሷል። ሳሩ አይንቀሳቀስም። ዘበኛው ጋቢውን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲያ ሰው የለም። ድምፁ ግን አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደማይቸኩል ሰው።

ላይ፣ አጥሯ ጋ፣ ፊርደውስ ቆማለች። እሷም ወደ ጋራው እያየች ነው። ዞር ስትል አየችኝ።

ከዚያ በእጇ ወደ ጋራው ጠቆመችና፣ ከሩቅ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣

«ጅብ ነው?» አለችኝ።

«ማጭድ ይዞ?» አልኩ።

አልሳቀችም። ግን አልገባችም። እስኪነጋ ሁለታችንም ቆመን አየን።